ፎረፎር፣ ሰሌኒየም እና የጄሪካን ውሃ

ይህ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ በብሎካችን የጋራ ሕንፃ፣ እሁድ ከሰዓት ለጎረቤቶቼ ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ጻፍልን ስላሉኝ በተናገርኩት መልክ አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ።

ማስታወቂያው ላይ "ቤት ያላችሁን የፎረፎር ሻምፖ ይዛችሁ ኑ" ብዬ ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይዛችሁ መጥታችኋል። ጠረጴዛው ሞልቷል። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ መለያ ወረቀታቸው ተልጧል። ሁለቱ ደግሞ ሃይላንድ ውስጥ የተገለበጡ ናቸው። ወደነሱ በኋላ እመለሳለሁ።

እንደምታውቁት የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። በየቀኑ ሰው ይመጣና "ለፎረፎር ጠንከር ያለ ሻምፖ ስጠኝ" ይለኛል። "ጠንከር ያለ" የምትለዋ ቃል ታስጨንቀኛለች። ብዙ ሰው ሻምፖን የሚያየው እንደ ሳሙና ነው። ሳሙና ቢበዛ ምን ያመጣል? ትንሽ ያደርቃል፣ አለቀ። የፎረፎር ሻምፖ ግን መድኃኒት ነው። መጠን አለው። የሚቆይበት ደቂቃ አለው። በደንብ የሚያጥበው ውሃም ይፈልጋል። እኛ ሰፈር ደግሞ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ስለዚህ ሌላ ቦታ ቀላል የሆነው ነገር እኛ ጋ ቀላል አይደለም።

ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ወደ መድኃኒት ቤቱ መጡ። አንገታቸው ላይ ያለችውን ትንሽ የብር መስቀል አሳዩኝ። ጠቁራለች። "ልጄ፣ ከእናቴ የወረስኳት ናት። 30 ዓመት አንገቴ ላይ ስትኖር እንዲህ ሆና አታውቅም። ምን አግኝቶኝ ነው?" አሉኝ። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ብዙ ሌሊት ሳይተኙ እንደቆዩ ፊታቸው ያስታውቃል።

ቁጭ በሉ ብዬ ጠየቅኳቸው። የራስ ቆዳቸው ያሳክካቸው ነበር። ልጃቸው ሻምፖ ገዛችላቸው። በየቀኑ ይታጠቡበታል። ሲታጠቡ ማተባቸውን አያወልቁም፣ ማን ያወልቃል? ውሃው ስለማይበቃ ሳፋ ውስጥ ጎንበስ ብለው በዚያው ውሃ ነው የሚያለቀልቁት።

"እማማ፣ ያገኘዎት ክፉ ነገር አይደለም። ድኝ ነው" አልኳቸው።

ሻምፖው ውስጥ ያለው ነገር ሰሌኒየም ሰልፋይድ ይባላል። ሰሌኒየምና ድኝ አንድ ላይ የተጣመሩበት ውህድ ነው። ብር ደግሞ ድኝ ሲነካው ይጠቁራል። መስቀሏን ብር ሠሪ ጋ ወስደው አስጸዱ፣ እንደ ድሮዋ ሆነች። የእሳቸው ነገር በዚህ አበቃ። እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩ። መስቀሏ ባትጠቁር ኖሮ በየቀኑ እየተቀቡት፣ ሳያጥቡት፣ ስንት ወር ይቀጥሉ ነበር? እኛስ መድኃኒት ቤት ያለነው ሰዎች ስንሸጥላቸው ምን ነግረናቸዋል? ዛሬ የጠራኋችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

እስቲ መጀመሪያ ፎረፎሩን እንየው።

ፎረፎር ቆሻሻ አይደለም። ይህንን ደግሜ እላለሁ፣ ምክንያቱም ልጆች በትምህርት ቤት በዚህ ይሸማቀቃሉ። የሁላችንም ራስ ላይ በዓይን የማትታይ እርሾ አለች። ማላሴዚያ ትባላለች። አዎ፣ እርሾ። የሊጡ እርሾ የሩቅ ዘመድ ናት። የሊጡ እርሾ ዱቄት ትበላለች፣ ይህችኛዋ ደግሞ ከራስ ቆዳ የሚወጣውን ቅባት ትበላለች። ቅባቱን ስትበላ የምትተወው አሲድ የአንዳንዱን ሰው ቆዳ ይቆጣዋል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ራሱን ያድሳል። በደህናው ጊዜ 1 ወር ገደማ የሚፈጀው መታደስ በጣም ያጥራል። ያልበሰለው ቆዳ ተከምሮ ይረግፋል። ጥቁር ኮት ትከሻ ላይ የምናየው ነጭ ነገር ይኼ ነው። ከአዋቂዎች ግማሽ ያህሉ በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል።

አንዲት እህታችን ከኋላ "ቅቤስ?" ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ፀጉር ላይ ቅቤ መቀባት የእናቶቻችን ነው፣ ደረቅ ፀጉርን ያለሰልሳል፣ አልነቅፈውም። ግን ፎረፎር የያዘው ራስ ላይ ቅቤና ዘይት ማድረግ እርሾዋን መመገብ ነው። ቅርፊቱ ለጊዜው ይርሳል፣ የጠፋ ይመስላል። ከዚያ ብሶ ይመጣል። ፎረፎሩ እስኪጠፋ ድረስ ቅቤውን ከፀጉሩ ጫፍ አታሳልፉት፣ ቆዳው ላይ አታድርሱት።

አሁን ወደ መድኃኒቱ።

ሰሌኒየምን ያገኘው የስዊድኑ ኬሚስት ያኮብ ቤርዜሊየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1817። ስሙን ያወጣለት በግሪክኛ ጨረቃ ከሚለው ቃል ነው። ሰሌኒየም በጣም ጥቂቱ ያስፈልገናል። አንድ አዋቂ በቀን 55 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ከእህል፣ ከእንቁላል፣ ከዓሣ፣ ከሥጋ እናገኘዋለን። ከ400 ማይክሮግራም በላይ በየቀኑ ማግኘት ግን አይመከርም። በቻይና ኤንሺ በሚባል አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሰዎች በአፈሩና በእህሉ አድርገው ከመጠን ያለፈ ሰሌኒየም በሉ። ፀጉራቸው ረገፈ። ጥፍራቸው ወለቀ። ለራስ የምንቀባው ነገር ሲበዛ ፀጉር እንደሚያረግፍ እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ።

ከድኝ ጋር የተጣመረው ሰሌኒየም ሰልፋይድ ብርቱካናማ ወደ ቀይ ቡኒ የሚያደላ ዱቄት ነው። ሽታው የድኝ ሽታ አለበት። በአሜሪካ ለራስ ቆዳ መድኃኒትነት የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ከዚያ ወዲህ ከ70 ዓመት በላይ ሠርቷል። የሚሠራው በሁለት በኩል ነው። እርሾዋን ይቀንሳታል። የቆዳውንም ጥድፊያ ያበርደዋል። በትክክል ከተጠቀሙበት ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እኔም ለሰው እሰጣለሁ። ማንም ከዚህ ስብሰባ ወጥቶ "መርዝ ነው ተባለ" እንዳይልብኝ።

ሁለት ጥንካሬ አለው። 1 በመቶ እና 2.5 በመቶ። አሜሪካ ውስጥ 1 በመቶው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፣ 2.5 በመቶው በትእዛዝ ብቻ ነው። አውሮፓ ደግሞ ለመዋቢያ በሚሸጥ የፎረፎር ሻምፖ ውስጥ ከ1 በመቶ በላይ አይፈቅድም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ካሉት ውስጥ አንዱ 2.5 በመቶ ነው። የማን እንደሆነ አልጠይቅም። ግን ባለቤቱ ሲሄድ መጀመሪያ እኔን ያናግረኝ።

2.5 በመቶው ለፎረፎር ብቻ አይደለም። ቋቁቻም ያክማል። ቋቁቻም ያችው እርሾ ናት፣ ራስ ሳይሆን ደረትና ጀርባ ላይ ስትበዛ። የታመመው ቦታ ላይ ይቀባል፣ 10 ደቂቃ ይቆያል፣ ሙሉ በሙሉ ይታጠባል። በቀን አንዴ፣ ለ7 ቀን። ከዚያ ይቆማል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እርሾዋ ብትሞትም የቆዳው ቀለም ቶሎ አይመለስም። ነጣ ያለው ቦታ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሰው "አልዳንኩም" ይልና ይቀጥላል፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ልጄ፣ ድነሃል፣ ቀለሙ ነው የቀረው። ነፍሰ ጡር እህቶች ደግሞ ለቋቁቻ ብላችሁ ሰውነታችሁን በዚህ አትቀቡ። ልጁ እስኪወለድ ቋቁቻው ይጠብቃል።

ቆረቆርስ? የልጆች ራስ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ፀጉር የሚያነሳው። ይኼ ሌላ ፈንገስ ነው፣ ሥሩ ፀጉሩ ውስጥ ነው ያለው። ሻምፖ ብቻውን አያድነውም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ ለምሳሌ ግሪሲዮፉልቪን፣ ለሳምንታት። የሰሌኒየም ሻምፖ የሚረዳው የፈንገሱን ዘር ከራስ ላይ ቀንሶ ወደ ወንድምና እህት እንዳይዛመት ነው። አንድ ልጅ ሲይዘው ሻምፖ ገዝቶ ወር ሙሉ ማጠብ ጊዜ ማባከን ነው። ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከባድ ከሆነ ወደ ቆዳ ሐኪም ይልኩታል። ዘነበወርቅ ያለው አለርት ለቆዳ በሽታ የታወቀ ነው። ሚዶውን፣ ባርኔጣውን፣ የፀጉር ቤቱን ማሽንም አትርሱ።

አሁን ስለ አደጋው።

አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ሚሊ ሊትር፣ የ1 በመቶ ሻምፖ እንውሰድ። ውስጡ 50 ሚሊግራም ሰሌኒየም ሰልፋይድ አለ። ከዚህ ግማሽ የሚበልጠው ሰሌኒየም ነው፣ 27 ሚሊግራም ገደማ። በማይክሮግራም 27,000 ማለት ነው። ቅድም በቀን ከ400 አይለፍ ያልኩት። ከ60 እጥፍ በላይ!

አትደንግጡ። ይኼ ሁሉ ሰውነት ውስጥ አይገባም። ሰሌኒየም ሰልፋይድ ውሃ ውስጥ አይሟሟም ማለት ይቻላል። ጤነኛ ቆዳ ደግሞ ጥሩ አጥር ነው። 2 ወይም 3 ደቂቃ ተቀብቶ ከታጠበ የሚያልፈው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቁጥሩን የነገርኳችሁ ሌላ ነገር ለማሳየት ነው። ደኅንነታችንን የያዙት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፣ ቆዳው ደህና መሆኑ እና ቶሎ መታጠቡ። ሁለቱን ካፈረስን መድኃኒቱ ሌላ ነገር ይሆናል።

ቆዳ በምን ይፈርሳል? በማከክ። ሰው ሲያሳክከው በጥፍሩ ይቧጥጣል፣ ይደማል፣ ከዚያ "ጠንከር ያለ" ይቀባበታል። ሹሩባ በጣም ተጠብቆ ሲሠራ ሥሩ ይቆስላል። የፀጉር ማለስለሻ ክሬም ያቃጥላል። ራስ የተላጨ ሰው ምላጭ ይቆርጠዋል። በእነዚህ ላይ ይህ ሻምፖ አይደረግም። ቁስሉ ይዳን መጀመሪያ። በሕክምና ታሪክ ውስጥ በቆሰለ ራስ ላይ ለወራት ደጋግማ ታጥባበት ሰሌኒየሙ ወደ ደሟ የገባ ሴት ተመዝግባለች። መንቀጥቀጥ፣ ድካም፣ የሆድ ሕመም፣ ማስታወክ። ትንፋሿ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ሻምፖውን ስታቆም ዳነች። እንዲህ ያለው ብርቅ ነው። ግን ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ እኛም ልንደግመው የምንችለው ነው።

ካንሰርስ? ይህንን ጥያቄ በስልክ ቪዲዮ ያያችሁ ወጣቶች ታነሱታላችሁ፣ ማንሳታችሁም ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ መንግሥት ባስወጣው ጥናት ሰሌኒየም ሰልፋይድ በአፍ በኩል፣ በብዛት፣ ለረጅም ጊዜ የተሰጣቸው አይጦች የጉበት ዕጢ አውጥተዋል። አንዳንዶቹ የሳንባም። በዚህ ምክንያት አሜሪካ "በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ይጠበቃል" በሚለው መዝገብ ውስጥ አስገብታዋለች። ቆዳቸው ላይ የተቀቡት አይጦች ላይ ግን እንዲህ ያለ ነገር አልታየም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ደግሞ ሰሌኒየምና ውህዶቹን የመደባቸው "በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል አያመጣም ለማለት ማስረጃ አይበቃም" በሚለው ክፍል ነው። እኔ ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። አይዋጥም። በአፍ መግባት የለበትም። ሕፃን የሚደርስበት ቦታ አይቀመጥም። ራስ ላይ ለ3 ደቂቃ የሚቀባ ሰው በአይጦቹ ቦታ አይደለም።

ወደ ሃይላንዶቹ የምመለሰው አሁን ነው።

ሁለቱን ጠርሙስ አንሥቼ ላሳያችሁ። ከላይ ውሃ የመሰለ ነገር አለ፣ ከታች ብርቱካናማ አተላ ተቀምጧል። ዱቄቱ አይሟሟም ብያችኋለሁ፣ ስለዚህ ይዘቅጣል። ለዚህ ነው የፋብሪካው ጠርሙስ ላይ "በደንብ ይናጥ" የሚለው። ከትልቅ ጠርሙስ እየገለበጡ ለሦስት ጎረቤት ሲያከፋፍሉት የመጀመሪያዋ ሳሙና ደረሳት፣ የመጨረሻዋ መድኃኒቱን ሁሉ ወሰደች። አንዷ "አይሠራም" ትላለች፣ ሌላዋን ያቃጥላታል። ጥንካሬው ስንት በመቶ እንደሆነ፣ መቼ ጊዜው እንደሚያልፍ አይታወቅም። ከሁሉ የከፋው ግን ሃይላንድ መሆኑ ነው። ልጆቻችን ሃይላንድ ሲያዩ የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፣ መጠጣት። የተረፈ ገንዘብ እንደሌለን አውቃለሁ። ሻምፖው ውድ ነው፣ መካፈሉም የጎረቤት ፍቅር ነው። እንካፈል ካላችሁ ጠርሙሱ ከነመለያው አንድ ቤት ይቀመጥ፣ ተራ በተራ እየናጣችሁ ውሰዱ። ሃይላንድ ውስጥ ግን አይግባ።

አንድ አባት "ልጅ ቢጠጣው ምን ላድርግ?" ብለው ጠየቁኝ። በግድ አታስታውኩት። አፉን በውሃ አጉመጥምጡት፣ ጠርሙሱን ያዙና በፍጥነት ጤና ተቋም ውሰዱት። ጠርሙሱን መያዝ አትርሱ። ሐኪሙ የሚጠይቃችሁ መጀመሪያ "ምን ጠጣ?" ብሎ ነው፣ መልሱ ያለው መለያው ላይ ነው።

ዓይን ውስጥ ከገባ ይለበልባል፣ ያቀላል። 15 ደቂቃ ያህል በንጹሕ ውሃ እጠቡት። 15 ደቂቃ ብዙ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ በሌለበት ቀን አለመጀመር ይሻላል።

ይኼ ነው ወደ ጄሪካኑ የሚያመጣን። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። ከዚያ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ወይም ከዚያ ባነሰ። ታዲያ ቀኑን ውሃው ከሚመጣበት ቀን ጋር ለምን አናገጣጥመውም? ብሎካችን ውሃ የሚያገኝባቸውን ቀናት ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቃላችሁ። በነዚያ ቀናት ታጠቡ። ቧንቧ ከሌለ አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለማለቅለቂያ ብቻ ለዩ። ጄሪካኑ ከሌለ ያን ቀን ይቅር። አንድ ሳምንት ማሳለፍ ምንም አይጎዳም፣ ሻምፖው ራስ ላይ ሳይለቀለቅ መዋሉ ግን ይጎዳል።

ስትታጠቡ የብር፣ የወርቅ ጌጥ አውልቁ። ማተብ ላይ ያለችውን መስቀል ብቻ ከክሩ ፈትታችሁ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፣ ማተቡ ይቆይ። ፀጉራችሁን አርጥቡ። ጠርሙሱን ናጡ። አንድ ወይም ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል የራስ ቆዳው ላይ በጣት ጫፍ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ እሹት። 2 ወይም 3 ደቂቃ ጠብቁ። ሻምፖ ራስ ላይ አድርጎ ምስር መልቀም፣ ስልክ ማንሳት የለም። ከዚያ ራስን ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ሌላ ሰው በጆግ ያፍስስላችሁ። ወደ ኋላ ያልኩት ለዓይን ነው። ውሃው ይፍሰስና ይሂድ፣ ሳፋ ውስጥ አታጠራቅሙት። ሳፋ ውስጥ ማለቅለቅ የወጣውን መልሶ መቀባት ነው። የሚወርደው ውሃ ድፍርሱ ሲጠራ፣ ፀጉሩ ሲነካ ማሙለጭለጩ ሲጠፋ በቃ። እጃችሁንና የጥፍራችሁን ሥር ታጠቡ።

ፀጉር ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ይህ ለናንተ ነው። ፀጉር ቀለም የተቀባች፣ የነጣች ወይም ፐርም የሆነች ደንበኛ ላይ ይህን ሻምፖ ስታደርጉ በደንብ ካልታጠበ ቀለሙን ይለውጠዋል። ሽበት ላይም እንዲሁ። ደንበኛዋ ስትቆጣ ጥፋቱ የቀለሙ ይመስላችኋል። ቀን ሙሉ እጃችሁ ውስጡ ስለሚውል ጓንት አድርጉ። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ራስ ላይ ያለ ሐኪም ቃል አታድርጉ፣ እናቱ ብትለምናችሁም።

ስለ ሌሎቹ በአጭሩ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት አብዛኞቹ ዚንክ ፓይሪቲዮን ያለባቸው ናቸው። ለስለስ ያለ ፎረፎር በዚህ ይመለሳል። አውሮፓ ውስጥ በእንስሳት ላይ የመራባት ጉዳይ ጥያቄ ስላስነሳ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ከመዋቢያ ውጤቶች ታግዷል፣ አሜሪካ ግን ትፈቅዳለች። ኬቶኮናዞል 2 በመቶም አለ፣ ጥሩ ነው። ኪኒኑ ጉበት ስለሚጎዳ በብዙ አገር ተገድቧል፣ ሻምፖው ግን ኪኒኑ አይደለም፣ አታምታቱት። ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚሠራው ደግሞ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ያደርጋል።

ከሻምፖው በኋላ ሽፍታ፣ ማበጥ፣ ብዙ ፀጉር መርገፍ ካያችሁ አቁሙና ኑ። ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ መስመር 8482 መንገር ትችላላችሁ። በ4 ሳምንት ውስጥ ካልተሻላችሁ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ አትግዙ። ፎረፎር ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ጠጋ በሉ። ከነመለያቸው ያሉትን አንድ በአንድ አብረን እናነባለን። መለያ የሌላቸውን ሦስቱንና ሃይላንዶቹን ፈቃዳችሁ ከሆነ እኔ ይዣቸው እሄዳለሁ። እማማ፣ እርስዎ ይጀምሩ፣ የእርስዎን ያቀብሉኝ።